ገጽ ሰባት ላይ ያለው ዳኛ

አቶ ተክለማርያም ቁርስ ላይ ሲስቁ ቤቱ ይርዳል። ይህ ለማሳመር የተባለ አይደለም፤ ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ በሳቃቸው ተፈንቅሎ ደጃፉ ላይ ሲወርድ በዓይናቸው ያዩ ጎረቤቶች አሉ። በዚያ የኅዳር ጠዋት የሳቁት ሳቅ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ነበር፤ ውሻው እንኳ ተነሥቶ ወጣ።

«እጁን አወጣ እኮ!» አሉ የገንፎውን ጉድጓድ በማንኪያ እያሰፉ። «እንደ ተማሪ! ከነጢሙ፣ ከነሽበቱ፣ መዝገብ ቤቴ በር ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ! ‹ምን ሆንክ አንተ ሰው፣ ብብትህን ነው የምታናፍሰው?› ብለው፣ ልጁ ከጎኑ ሆና ‹አባቴ ተራውን እየጠበቀ ነው› አትለኝም መሰለህ!»

እህታቸው ማናልበሽ አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ የእሳቱን እንጨት ታስተካክል ጀመር። ባሏ መምህር ገብረወልድም አልሳቀም። ያ ሰውዬ እጁን ሲያወጣ አላየውም፤ እጅ ማውጣቱን ያስተማረው ማን እንደሆነ ግን ከማንም በላይ ያውቃል።

ባልና ሚስት በአቶ ተክለማርያም ጓዳ ከገቡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ሲገቡ «ለጊዜው» ተብሎ ነበር። ጎባ ውስጥ ጭቃው ያልደረቀ አንድ ክፍል ቤት በወር ስምንት ብር ይጠየቅበታል፤ ዝናብ የማያስገባ ከተፈለገ አሥራ ሁለት። አቶ ተክለማርያም ግን አምስት ሳንቲም ጠይቀው አያውቁም፤ በምትኩ «ቤቴ ቤታችሁ ነው» ይላሉ፤ ይህንንም በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሦስት መቶ ስድሳ ጊዜ ይሉታል፣ ጳጉሜን ሳይጨምር። ጓዳው የያዘው ደግሞ ባልና ሚስቱን ብቻ አይደለም። ከአልጋው ግርጌ እስከ ግድግዳው ድረስ የማር ቅል፣ የማር ገንቦ፣ የማር ቆርቆሮ ተደርድሮበታል፤ ከደሎ መና የመጣ፣ ከጫካው የወረደ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ባለጉዳይ ሁሉ አቶ ተክለማርያም ወደሚመሩት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲመጣ በጋቢው ሸፍኖ ይዞት የሚመጣው ነው። ንብ መንገድ ስታ እዚያ ጓዳ ብትገባ የአባቷን ርስት ያገኘች ይመስላት ነበር። መምህሩ ተኝቶ በተገላበጠ ቁጥር እግሩ ገንቦ ይመታል። ጠዋት ጠዋትም ገንፎው ላይ ማር ይደረጋል፤ የማን ማር እንደሆነ ግን በዚያ ቤት ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

«የሰውዬው መዝገብ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይጠራል» አሉ አቶ ተክለማርያም ሳቃቸውን ጠርገው። «ወዚር ከግራዝማች ሠርከአዲስ ጋር፤ ያ ከሮቤ ወዲያ ያለው የገብስ ማሳ። ማር የለ፣ ቅቤ የለ፣ አስተርጓሚ የለ። ዱጉማ ፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስንት ዘመን ለባላገሩ ያስተረጎመ ሰው፣ ‹አላስፈልግህም፣ ልጄ አማርኛ ታውቃለች› ተባለ። ሰውዬው አበደ እንዴ?»

«ታዲያ ምን ይሆናል?» አለ ገብረወልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይዘጋላ! ምን ይሆናል ብለህ ነው? ማሳው ከነገብሱ ለግራዝማች ይጸናል፤ ገብሱም ደርሷል አሉ፣ ማጨድ ብቻ ነው የቀራቸው።» ማንኪያቸውን ላሱ። «ዳኛው እንደሆኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ የመንግሥት ደመወዝተኛ ቆሞ ‹እኔ አስተረጉምለታለሁ› ቢላቸው ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ስንት ጊዜ ሰጥተዋል። ግን ማን አባቱ ለወዚር ብሎ ይቆማል?» ቀና ብለው አማቻቸውን አዩት። ከዚያ በኋላ ሳቅ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። «ለመሆኑ ያንተ ኦሮምኛ እንዴት ነው?»

«በመጠኑ ነው፣ ጋሼ።»

በመጠኑ! ሮቤ ተወልዶ፣ ከኦሮሞ እኩዮቹ ከእነ ቦሩ ጋር በሬ እየነዳ አድጎ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛን ግን ከእናቱ ጎረቤቶች ጡት ጋር የጠባ ሰው! ሲቆጣም ሲያልምም በኦሮምኛ ነው። ሚስቱ ይህን ታውቃለች፤ እንቅልፍ ላይ ሲያወራ ስንት ጊዜ ቀስቅሳዋለች። ቀና አላለችም።

«ጥሩ። በመጠኑ ይሁን» አሉ አቶ ተክለማርያም። «በቆላው ሽፍታ ተነሥቷል እየተባለ ነው። ባላገሩን ማን ምን እንደሚያስተምረው የሚጠየቅበት ሰሞን ነው። ብላ እንጂ! ማናልበሽ፣ ማር ጨምሪለት።»

ማናልበሽ ጨመረችለት።

ነገሩን ከሥሩ ለሚፈልግ፣ ጥፋቱ የአንድ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ የቡና ጭነት መኪና አሥራ ሁለት የልጆች የሥዕል መጽሐፍ በጣውላ ሣጥን ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ስለ መልካም ዜግነት የሚያስተምሩ ናቸው ተባለ። ስምንቱን በመንገድ ላይ ዝናብ በላቸው። ሦስቱን አይጥ ጨረሳቸው፤ የጎባ አይጥ ደግሞ ድመት ሲያይ የሚያዛጋ አይጥ ነው። አንዱ ተረፈ። በዚያ በአንዱ መጽሐፍ ገብረወልድ ስድሳ ሁለት ልጅ አስተማረ። መጽሐፉን ደረቱ ላይ እንደ ታቦት ይዞ፣ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ አዙሮ፣ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል፤ ከዚያም ሥዕሉን ያስጫውታቸዋል። በባሌ ምድር ዜግነትን በሥዕል ያስተማረ ከእሱ በፊት አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም ይቸገራል። ገጽ አንድ ላይ ልጅ ደጁን ይጠርጋል፤ ከዚያ ሳምንት ወዲህ የትምህርት ቤቱ ግቢ ከመጠረጉ ብዛት ጎደጎደ። ገጽ አምስት ላይ ልጅ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይዞ በመኪኖች መካከል መንገድ ያሻግራል፤ ጎባ ደግሞ መኪና የሚያልፈው በሳምንት ሁለቴ ስለሆነ፣ ልጆቹ የገበያውን ዓይነ ስውር ለማኝ ይዘው ከጠዋት እስከ ቀትር መኪና ሲጠብቁ ዋሉ። ሽማግሌው «ኧረ ልቀቁኝ፣ እኔ የትም አልሄድም!» እያሉ ጮኸዋል።

ገጽ ሰባት ግን እንደዚያ የሚያስቅ አልነበረም። ጋቢ የለበሰ ባላገር እጁን አውጥቶ ዳኛ ፊት ቆሟል። ዳኛው ጉንጫቸው የሞላ፣ ጆሮአቸው ትልቅ፣ ወደ ባላገሩ ዘንበል ብለው ያዳምጣሉ። ከሥሩ «መልካም ዜጋ ተራውን ይጠብቃል፤ ጉዳዩን ራሱ ይናገራል፤ ዳኛው ሁሉንም እኩል ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። ገብረወልድ ይህን ገጽ ያሳየ ቀን ከፊት ወንበር የምትቀመጠው የወዚር ልጅ ሃጂራ ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሣችም። አክስቷ ዘንድ ጎባ ተቀምጣ የምትማር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ስለሆነች የመጽሐፉን ሣጥን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት።

«መምህር፣ ማሩ የት አለ?» አለች።

«የምን ማር?»

«ሰውዬው የያዘው ማር። ሥዕሉ ላይ የለም።»

ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ማሩን ፈለገ። ገብረወልድ ጓዳው ትዝ አለው፤ ፊቱ ጋለ፤ በዚያ ግለት ነው ያን ሁሉ የተናገረው። መልካም ዜጋ ማር አይዝም፤ የሚይዘው እውነቱን ብቻ ነው አለ። የመጽሐፉን ጀርባ ገልብጦ ማኅተሙን አሳየ። «ይህ የመንግሥት ማኅተም ነው! ያልሆነ ነገር ላይ አይመታም!» አለና ጠረጴዛውን መታ፤ ምቱ ገበያ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ራሱ ዳኛ ሆኖ ወንበር ላይ ወጣ፤ ሃጂራን ባላገር አደረጋት። እጇን አወጣች። «ተናገሪ ልጄ፣ ዳኛው ይሰማሻል» አላት። ተናገረች። ፈረደላት። ስድሳ አንድ ልጅ አጨበጨበ። በሕይወቱ ከዚያ ቀን የበለጠ መምህር ሆኖ አያውቅም።

አሁን ቁርሱን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ ከተራራው የሚነፍሰው ነፋስ ኮቱን ይገልበዋል። ቁልቁል እየሄደ በልቡ ሙግት ገጠመ፤ እንደ ሙግቱ ቢሆን ሦስት ዳኛና ሁለት ጠበቃ በበቃው ነበር። አንድ ቃል ናት። «እኔ አስተረጉምለታለሁ።» ከዚያስ? ከዚያ ማታ ቤት መግባት አለ። አቶ ተክለማርያም ምንም አይሉም፤ «ቤቴ ቤታችሁ ነው» ማለት ብቻ ይተዋሉ። ማናልበሽ ጓዳ ቁጭ ብላ በወንድሟና በባሏ መካከል እንደ ክር ትወጠራለች። ከዚያም ሌላ የሚጠይቅ ይመጣል፤ ባላገሩን ያስተማረው ማን ነው ብሎ። እንግዲህ ወዚር ምናልባት ዘመድ ይዞ ይመጣል፣ ምናልባትም ዱጉማን ለምኖ ይዞት ይሆናል፤ ምናልባት፣ ምናልባት፣ እያለ አሥራ አራት ምናልባት ቆጥሮ ትምህርት ቤት ደረሰ።

የሃጂራ ቦታ ባዶ ነበር። የመጽሐፉ ሣጥን ተከፍቶ ቁልፉ ላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ልጆቹ ሲጠየቁ መሬት መሬት አዩ፤ በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዱ «ትናንት ወሰደችው፣ ለዳኛው ላሳየው ነው ብላለች» አለ። ገብረወልድ ይህን ሰምቶ ገና ትንፋሹን ሳይመልስ ዲሬክተሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ዲሬክተሩ ስለ ልጅቱ አልጠየቁም። «ሰኞ ኢንስፔክተር ይመጣል፤ ያ መጽሐፍ በንብረት ዝርዝር ላይ የተመዘገበ ነው። ሂድና አምጣ» አሉት። እንዲያ ሆኖ ነው መምህሩ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአለቃ ትእዛዝ ወደ ፍርድ ቤት የተላከው። ሰው እግሩ ወደፈራው ቦታ እንዲህ ተገፍቶ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም።

መንገዱ በሞሚና ሱቅ በኩል ነው። ሞሚና የወዚር እህት ናት፤ ከትከሻ ስፋት በማትበልጥ ሱቅ ውስጥ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና ትሸጣለች። ጨው በጣሳ አሥር ሳንቲም፣ ላምባ በጠርሙስ ስሙኒ፤ ላምባውን ስታንቆረቁር ግን አንዲት ጠብታ ከጠርሙሱ አፍ ውጭ ወድቃ አታውቅም፣ እጇ ከመድኃኒት ሚዛን ይበልጣል። በዚያ ቀን መደርደሪያው ላይ ላምባ ፈሶ አየ።

«አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ መምህር» አለችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። «ይኸው ጣጣ አመጡልን። ወንድሜ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ማሩን ይዞ፣ ዱጉማን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ልጂት መጣችና ‹አባ፣ እሱ ውሸት ነው፣ መጽሐፍ ላይ እንዲህ አይደለም› አለችው። ወላሂ ሦስት ቀን ነው ያስጠናችው! እጅህን እንዲህ አውጣ፣ እንዲህ ቁም። ያን ያህል ትልቅ ሰው እዚች ሱቅ ደጃፍ ላይ እጁን ሲያወጣና ሲያወርድ መንገደኛ ሳቀበት።»

«እሱስ አመነ?»

«ማኅተም አለው ስትለው! ማንበብ አይችል፣ ማኅተም ግን ያውቃል። መሬቱን ሲለኩበትም በማኅተም ነው የመጡት። ይሄኛውስ ማኅተም ለምን አይሠራም አለ።» መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከውስጥ ያለ አንድ ሙሉ የማር ገንቦ አሳየችው። «ይኸው ማሩ። ገዝቼለት ነበር። ‹መልካም ዜጋ ማር አይዝም› ብላ አስጣለችው። የማን ቃል ነው ይሄ?»

ገብረወልድ ፊቱን ወደ ፍርድ ቤቱ መንገድ አዞረ።

«እዚያ እየሄዱ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ በአንድ ጊዜ ወረደ። «እንግዲያው እባክዎ፣ በአላህ ይሁንብዎ። አንድ ቃል ነው። እርስዎን ዳኛው ይሰማሉ፤ ክራባት አለዎት፣ ደመወዝ አለዎት። ቀጠሮ ብቻ ይስጡት፤ ሌላውን እኛ ማራችንን ይዘን እንጨርሰዋለን።»

«እስቲ... እየሄድኩ ነው» አለ ገብረወልድ፤ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። እሷ ግን እሺ ያለ መሰላት፤ ከኋላው እስኪርቅ ድረስ ስትመርቀው ይሰማ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ከገበያው በላይ ነው። ጽዱ ሥር ዱጉማ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን በእንጨት ይፍቃል፤ መምህሩን ሲያይ «አይ የዘንድሮ ተማሪ፣ እንጀራችንን ወሰደው እኮ» ብሎ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ወደ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ሰው በሰው ሆኗል፤ የእርጥብ ጋቢና የፈረስ ላብ ሽታ ተደባልቆ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል። ዳኛው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ናቸው። ቀጭን፣ ጆሮአቸው ትንሽ፣ ብርድ የመታቸው ሰው ነበሩ፤ ካፖርታቸውን አላወለቁም። አቶ ተክለማርያም በጎን ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ይገላልጣሉ። ግራዝማች ሠርከአዲስ ጠበቃቸውን አቁመው እሳቸው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ ገላጋይ እንደማያስፈልገው ሰው ነው የተኙት።

ወዚር መካከል ላይ ቆሟል። ዳኛ ፊት እንደሚደረገው ጋቢውን አላደገደገም፤ በሥዕሉ ላይ እንዳለው ሰው በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ጥሎታል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተሰቅሏል። መቼ እንደሰቀለው የሚያውቅ የለም፤ ክንዱ ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ አላወረደውም።

«እጅህን አውርድ!» አሉ ዳኛው። «ማንን ልትመታ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሃጂራ ከአባቷ ጎን ሆና በሹክሹክታ ነገረችው፤ ወዚር እጁን አወረደ፤ እንዳወረደው ተናገረ። ብዙ ተናገረ። ስለ አያቱ መቃብር፣ ማሳው ውስጥ ስላለው የምንጭ ውሃ፣ ሰዎቹ መሬት በገመድ ሊለኩ ስለመጡበት ቀን። ልጅቱ አንዱንም ሳታስቀር ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ገብረወልድ በር ላይ ቆሞ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፣ አንዲት ቃል አላነሰችም፣ አንዲት ቃል አልተጨመረችም። ዱጉማ በሠላሳ ዓመቱ እንደዚያ አስተርጉሞ አያውቅም። ስትጨርስ የግራዝማች ማንኮራፋት ብቻ ተሰማ።

«ይህች ደግሞ ጠበቃ ናት?» አሉ ዳኛው። «ዕድሜሽ ስንት ነው አንቺ? ለአካለ መጠን ያልደረሰች ሕፃን ነገር አታስተረጉምም። በየትኛው ሕግ ነው የገባሽው?»

ሃጂራ ከነጠላዋ ሥር መጽሐፉን አወጣች። ገጽ ሰባትን ገልጣ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ጀርባውን ገልብጣ በጣቷ ማኅተሙን አሳየች። ዳኛው አዩ። ሥዕሉን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ። ባለ ትልቅ ጆሮውን ዳኛ ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ምን እንደነበረ ማንም አላወቀም።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

ልጅቱ ዞር አለች። በሩ ላይ ቆሞ አየችው። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልንገርህ ቢሉ የሚነግር አይገኝም፤ በባሌ ደጋ የኅዳር ፀሐይ እንደዚያ ወጥታ አታውቅም። «መምህሬ!» አለች። «እሳቸው ናቸው። መጡ!»

መንገድ ተከፈተለት። ገብረወልድ ወደ መካከል ሄደ፤ ስድስት እርምጃ ነው፣ ከጎባ ሮቤ ግን ከዚያ ይቀርባል። የአቶ ተክለማርያም ብዕር መዝገቡ ላይ ቆሟል።

«መምህር ነህ?» አሉ ዳኛው።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ባላገሩን እጁን እያወጣ እንዲገባብን ያሰለጠንከው አንተ ነህ?»

ገብረወልድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ።

«እሺ እሱ ይቅር» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸውም ለሰለሰ፤ እውነትም ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቋንቋውን ታውቃለህ? ለዚህ ሰው ቆመህ ታስተረጉምለታለህ? እሺ ካልክ ለሁለት ሳምንት እቀጥረዋለሁ። እንቢ ካልክ መዝገቡን ዛሬ እዘጋለሁ።»

ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች። አራት ቃል አይደለችም፣ ሦስት አይደለችም፤ «እኔ አስተረጉምለታለሁ» ናት። አፉን ከፈተ። አቶ ተክለማርያም ቀና ብለው አላዩትም፤ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ብቻ አራገፉ።

«ጌታዬ» አለ ገብረወልድ፣ «እኔ የመጣሁት መጽሐፉን ለመውሰድ ነው። የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ሥዕሉም... ሥዕሉ ለልጆች የተሣለ ነው። ለሌላ አይደለም።»

ዳኛው ጥቂት አዩት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ሰጡት። «ውሰድ» አሉ። «መዝገቡ ተዘግቷል። ማሳው በግራዝማች እጅ ይጽና።» ግራዝማች ስማቸው ሲጠራ ነቁ። «አንቺ ልጅ፣ መምህርሽ ያለውን ለአባትሽ ንገሪውና ውጡ።»

ሃጂራ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ የሚያጋንን ሰው እንኳ ቢሆን አያጋንነውም፤ ጠፋ፣ በቃ። መምህሯን አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ወዚርም ወደ ልጁ ጎንበስ አለ፤ ጋቢው ከአንድ ትከሻው ተንሸራትቷል። በኦሮምኛ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እንደምታስተረጉም አድርጋ። «አባ» አለችው፣ «መምህሩ ‹ይህ ሰው እውነቱን ነው፣ እኔ እቆምለታለሁ› አሉ። ሁለት ጊዜ ለመኑ። ዳኛው ግን እንቢ አሉ።»

በክፍሉ ውስጥ ይህን የሰማ ገብረወልድ ብቻ ነው። ዱጉማ ውጭ ነው፤ የቀሩት የሰሙትም ቢሆኑ አልሰማንም ብለዋል።

ደጅ ላይ ወዚር ደረሰበት። ፈረሱን እየሳበ መጥቶ ቆመ፤ ልጓሙን ለልጁ ሰጠና የመምህሩን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው። «ገለቶማ፣ በርሲሳ» አለው፤ አመሰግናለሁ፣ መምህር ማለቱ ነው። ሌላም ብዙ አለው፣ ገብረወልድ አንዱም አልራቀበትም፤ በሕይወቴ ለእኔ ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም አለው፤ ማሳ ይሄዳል፣ ገብስ ይሄዳል፣ ሰው ግን ታወቀ አለው። ዘር ይባርክልዎ፣ ቤትዎ አይጉደል አለው። ልጓሙን የያዘችው ሃጂራ የፈረሱን አንገት ታያለች።

«አሜን» አለ ገብረወልድ።

«እንግዲህ ልጄን ለእርስዎ ትቻለሁ» አለ ወዚር። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ጋ ትማር። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም፤ ቀኑ አይባክንባት፣ ይዘዋት ይመለሱ።» ፈረሱ ላይ ወጣ። ገብሱ ያለበትን መንገድ ትቶ በሌላኛው በኩል፣ በወንዙ ዳር ወዳለው ዞረ፤ በዚያ በኩል ማሳው አይታይም።

ወደ ትምህርት ቤት ቁልቁል ወረዱ። መጽሐፉ በመምህሩ ብብት ሥር ነው። ሃጂራ ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ትከተለዋለች። እንድትደርስበት ብሎ እርምጃውን አዘገየ፤ እሷም ዘገየች። የሚላትን ነገር አሰበ፤ በአማርኛ አሰበው፣ በኦሮምኛ አሰበው፣ በሁለቱም አጣው። ሞሚና ሱቅ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ በር ላይ ወጥታ በዓይኗ ጠየቀች፤ እሱ መሬት አየ፤ ከኋላው ልጅቱ ለአክስቷ ምን እንዳለቻት አልሰማም፣ ሞሚና ግን «አላህ ይስጥዎ፣ መምህር!» ብላ ጮኸችለት። መታጠፊያው ላይ ቆመ። ሲቆም ቆመች። ዞሮ እጁን ዘረጋላት፣ ነዪ እንደማለት። ነጠላዋን አስተካክላ ተከናነበች፣ እስኪሄድም ድረስ እዚያው ቆማ ጠበቀችው።